በአሜሪካ አነስተኛ ወይን ጠማቂ የኦርጋኒክ ማረጋገጫ የሚያገኘው እንዴት ነው?

በአሜሪካ በአንድ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ «ኦርጋኒክ» ብሎ ለመጻፍ የሁለት መሥሪያ ቤቶችን ሕግ ማሟላት ያስፈልጋል። አንደኛው የግብርና መምሪያው (ዩኤስዲኤ) ብሔራዊ የኦርጋኒክ ፕሮግራም ሲሆን እርሻውንና ጠመቃውን ይመለከታል፤ ሁለተኛው በግምጃ ቤት መምሪያ ሥር ያለው የአልኮልና የትምባሆ ቀረጥና ንግድ ቢሮ (ቲቲቢ) ሲሆን የጠማቂውን ፈቃድና በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን መለያ ጽሑፍ ያጸድቃል። ትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ይመድባሉ፤ በጥቂት ሄክታር መሬት ወይም በተከራየው መጋዘን የሚሠራው ሰው ግን መዝገቡንም፣ ጠመቃውንም፣ ሽያጩንም የሚይዘው ራሱ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ አምራች ነው፤ በአሜሪካ ሕግ የማር ጠጅም እንደ ወይን ስለሚቆጠርና በወይን ጠማቂ ፈቃድ ስለሚመረት፣ ጠጅ ለገበያ የሚያቀርቡ ወገኖችንም ይመለከታል።

አብዛኛው አመልካች ከእርሻው ይጀምርና ወደ ጠመቃው ያልፋል፣ የመለያውን ጉዳይም ለመጨረሻ ያቆየዋል። እኔ የምመክረው ግን ከመለያው ተነሥቶ ወደ ኋላ መሥራትን ነው፤ ምክንያቱም በጠርሙሱ ፊት ላይ የሚጻፈው ቃል የትኛው ነገር ወደ በርሜሉ እንደሚገባና እንደማይገባ፣ ማን ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገውና ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ ይወስናል።

የትኛው መለያ?

ሕጉ አራት ደረጃዎች አሉት። «መቶ በመቶ ኦርጋኒክ» የሚለው ለጠመቃ የሚያገለግለው ነገር ሁሉ፣ እርሾው ሳይቀር፣ ኦርጋኒክ እንዲሆን ስለሚጠይቅ ለአነስተኛ አምራች እምብዛም አያዋጣምና እንለፈው።

«ኦርጋኒክ» የሚለው መለያ ውሃና ጨው ሳይቆጠሩ ከይዘቱ ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ እንዲሆን ያስገድዳል። ቀሪው 5 በመቶ ያሻውን የሚጨምሩበት ክፍት ቦታ አይደለም፤ በብሔራዊው የተፈቀዱ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ በስም ከተጠቀሰው ውጭ ምንም አይገባበትም። ክቡን የዩኤስዲኤ ማኅተም በጠርሙስ ላይ መለጠፍ የሚቻለው ከዚህ ደረጃ ጀምሮ ነው። ለወይን ጠጅ ግን አንድ ከባድ ገደብ ተጥሎበታል፦ እርሾው በሥራው ላይ ሳለ በተፈጥሮ ከሚያወጣው በቀር ሰልፋይት (ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመር የድኝ ውህድ) ፈጽሞ ሊጨመርበት አይችልም።

«ከኦርጋኒክ የወይን ፍሬ የተሠራ» የሚለው ሦስተኛው ደረጃ ነው። የገባው የወይን ፍሬ በሙሉ ኦርጋኒክ መሆን አለበት፤ ለሰልፋይትነት የሚያገለግለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ግን አጠቃላይ የሰልፋይት መጠኑ በሚሊዮን ከ100 ክፍል እስካልበለጠ ድረስ መጨመር ይፈቀዳል። ጠማቂው ማረጋገጫ ማውጣት ይኖርበታል፣ ማረጋገጫውን የሰጠው ድርጅት ስምም በመለያው ላይ ይጻፋል፤ ማኅተሙን መለጠፍ ግን አይቻልም።

አራተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጠማቂው ራሱ ማረጋገጫ ሳያወጣ፣ ማረጋገጫ ካለው ገበሬ ፍሬ ገዝቶ፣ በጀርባው መለያ የይዘት ዝርዝር ውስጥ ብቻ «ኦርጋኒክ የወይን ፍሬ» ብሎ መጥቀስ ይችላል። ፊት ለፊት ቃሉን መጻፍም ሆነ ማኅተም መለጠፍ አይፈቀድለትም፤ የፍሬውን ምንጭ የሚያሳይ መዝገብ ግን መያዝ አለበት። ገና ሥራ ለጀመረና ገበያው ለኦርጋኒክ ተጨማሪ ዋጋ ይክፈል አይክፈል ላላወቀ ሰው ከዚህ መነሣት አስተዋይነት ይመስለኛል።

ሰልፋይት ላይ ማተኮር የሚያስፈልገው የአነስተኛው አምራች ትርፍና ኪሳራ በዚህ ላይ ስለሚንጠለጠል ነው። ከድኝ የሚገኘው ይህ ውህድ ወይን ጠጁ በአየር እንዳይበላሽና ሆምጣጤ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች እንዳይራቡበት ይከላከላል። ያለ እርሱ መጥመቅ እንደሚቻል ጥርጥር የለም፤ በካሊፎርኒያ ሜንዶሲኖ አውራጃ የሚገኘው ፍሬይ የተባለ የቤተሰብ ጠማቂ ሥራውን በ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰልፋይት ባልተጨመረበት ወይን ስሙን አስጠርቷል። ሆኖም እንዲህ ያለው ወይን ከጠማቂው እስከ ጠጪው ድረስ በቀዝቃዛ ቦታ መቆየት፣ ከአየር ጋር አለመገናኘትና ብዙ ሳይቆይ መሸጥ ይኖርበታል። አከፋፋዩ በሐምሌ ሙቀት ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ጭኖ የሚያዞረው ከሆነ የተበላሸው ካርቶን ተመልሶ የሚመጣው ወደ ጠማቂው ነው፤ ብዙ ዓመት የሚያመርት ድርጅት አንድ መጥፎ ዓመት ቢያልፍበት ሌላው ይክሰዋል፣ ሁለት በርሜል ብቻ ያለው ሰው ግን የዓመት ገቢው በሙሉ ይሄድበታል።

ገደቡን ለማንሣት የቀረበ ጥያቄ ነበር፤ ዩኤስዲኤን የሚያማክረው የብሔራዊ ኦርጋኒክ ደረጃዎች ቦርድ በ2011 እ.ኤ.አ. ሳይቀበለው ቀረ። አውሮፓ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ተከትሏል። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 እ.ኤ.አ. በደንብ ቁጥር 203/2012 ባስቀመጠው ገደብ መሠረት ስኳሩ በሊትር ከ2 ግራም በታች የሆነ ኦርጋኒክ ቀይ ወይን በሊትር እስከ 100 ሚሊግራም፣ ነጭና ሮዜ ደግሞ እስከ 150 ሚሊግራም ሰልፋይት መያዝ ይችላል። በዚህም የተነሣ በፈረንሳይ ወይም በጣሊያን «ኦርጋኒክ» ተብሎ የተሸጠው ወይን ሰልፋይት ተጨምሮበት ከሆነ አሜሪካ ሲገባ ስሙ ወደ «ከኦርጋኒክ የወይን ፍሬ የተሠራ» ይለወጣል። ከአውሮፓ ወይን የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ሳያውቅ መለያ ካሳተመ ወጪው ከንቱ ይሆናል።

እንግዲህ ውሳኔው እንዲህ ቢሆን እላለሁ፦ አሲድነቱ ጠንካራ የሆነ ቀይ ወይን እየጠመቀ አብዛኛውን በራሱ ደጃፍ የሚሸጥ ሰው «ኦርጋኒክ» የሚለውን ይሞክር፤ ነጭ ወይን የሚሠራ፣ በአከፋፋይ በኩል የሚሸጥ ወይም ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ከዓመት በላይ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ግን የማኅተሙ ክብር ሳያጓጓው ሦስተኛውን ደረጃ ይምረጥ።

ነፃ የመሆን መብትስ?

በዓመት ከኦርጋኒክ ሽያጭ የሚያገኘው ጠቅላላ ገቢ ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ አምራች ማረጋገጫ የማውጣት ግዴታ የለበትም። ይህ በወሬ ደረጃ ትልቅ ዕፎይታ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ጠርሙሱን በ25 ዶላር ለሚሸጥ ሰው 200 ጠርሙስ፣ ማለትም ባለ 12 ጠርሙስ ካርቶን 17 እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው። ነፃ የሆነው አምራች የአመራረቱን ደንብ ከመከተል አይድንም፣ ማኅተሙንም አይለጥፍም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በዚህ መብት የሚጠቀም ገበሬ ያመረተው ፍሬ ለሌላ ጠማቂ ሲሸጥ በዚያ ጠማቂ ምርት ውስጥ እንደ ኦርጋኒክ አለመቆጠሩ ነው። ስለዚህ ፍሬውን ለጠማቂ ለመሸጥ የሚያስብ የወይን ገበሬ ይህን መብት ባይቆጥረው ይሻለዋል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ነፃ የሆኑትም ቢሆኑ ከፌዴራሉ የተለየ የክፍለ ግዛቱ ምዝገባ አለባቸው።

እርሻው

መሬቱ ፍሬው ከመለቀሙ በፊት ለ3 ዓመት፣ ማለትም ለ36 ወራት፣ የተከለከለ ፀረ-ተባይ፣ ፀረ-አረም ወይም ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ያልነካው መሆን አለበት። በእነዚህ ዓመታት ገበሬው የኦርጋኒክን ወጪ እየከፈለ ፍሬውን በተራ ዋጋ ይሸጣል፤ ለአነስተኛ አምራች ከማረጋገጫው ክፍያ ይልቅ የሚከብደው ይህ የመሸጋገሪያ ዘመን ነው። መሬቱ የተገዛ ወይም የተከራየ ከሆነ የቀድሞው ባለይዞታ ምን እንደረጨና መቼ እንዳቆመ በፊርማው የሚመሰክርበት ደብዳቤ ማግኘት ዓመታትን ሊያሳጥር ስለሚችል፣ ደብዳቤውን ውሉ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይገባል። ከፊርማ በኋላ ማን ይጽፍለታል?

ከጎረቤት እርሻ በነፋስ የሚመጣ መርጨት ሌላው ችግር ነው። ደንቡ በሜትር የተወሰነ ስፋት አይደነግግም፤ በመካከል በቂ መከለያ ቀጠና እንዲኖር ግን ይጠይቃል፣ ከዚያ ቀጠና የተለቀመውም ፍሬ እንደ ኦርጋኒክ አይሸጥም። በሁለት ሄክታር ላይ ጥቂት መደዳ በመከለያነት መተው በመቶ ሄክታር ላይ ከመተው በእጅጉ ይለያል፤ ስለዚህ ጠባብ መሬት ያለው ሰው ጎረቤቱ የሚረጭበትን ቀን እንዲያሳውቀው በጽሑፍ መስማማትን መሞከር አለበት።

ድኝ ለዱቄት መሰል ሻጋታ፣ መዳብ ደግሞ ለሌሎች የሻጋታ በሽታዎች በእርሻው ላይ ይፈቀዳሉ፤ መዳቡ በአፈሩ ውስጥ እንዳይከማች ግን መጠንቀቅ ግዴታ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድን በመሳሰሉ ዝናብና ወበቅ በሚበዛባቸው ክፍለ ግዛቶች ሻጋታው ከካሊፎርኒያ ደረቅ አየር ይልቅ ስለሚበረታ፣ በዚያ አካባቢ በኦርጋኒክ መንገድ የአውሮፓን ዝርያዎች ብቻ ተክሎ መዝለቅ አድካሚ ነው፤ በሽታ የሚቋቋሙ ድቅል ዝርያዎችን ማሰብ ይሻላል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል፦ የወይኑ ሐረግ የሚታሰርባቸው እንጨቶች በአርሴኒክ ውህድ ወይም በሌላ የተከለከለ መድኃኒት የተነከሩ ከሆኑ ለአዲስ ተከላም ሆነ ለምትክ አይፈቀዱም። የቆሙትን መንቀል አያስፈልግም፤ የተሰበረውን ግን በብረት ወይም ባልተነከረ እንጨት መተካት ይገባል።

ጠመቃው

በመጥመቂያው ውስጥ የሚመራው ሐሳብ ቀላል ነው፤ በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር አይገባም። ኦርጋኒክ እርሾ በገበያ ላይ ከተገኘ እርሱን መጠቀም ያስፈልጋል፣ ካልተገኘም ፍለጋው በመዝገብ ይደገፋል፤ በዘረ-መል ምሕንድስና የተለወጠ እርሾ በምንም መልኩ አይፈቀድም። ብዙ ጠማቂዎች ለእርሾው ምግብነት የሚጨምሩት ዲያሞኒየም ፎስፌት በአሜሪካው ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ከእርሾ በተዘጋጁ ምግቦች መተካት አለበት። የማጥሪያው ሸክላ፣ ቤንቶናይት፣ ይፈቀዳል። ጋኑንና ቧንቧውን ለማጠብ ፐርአሴቲክ አሲድ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ኦዞን ያገለግላሉ፤ ጠንካራ ማጽጃ ከተጠቀሙ ደግሞ በውሃ ማለቅለቁንና ማን መቼ እንዳለቀለቀው መመዝገብ ይገባል።

የራሱ መጥመቂያ የሌለውና በሌላ ሰው ቤት በኪራይ የሚያስጠምቅ አምራች አንድ ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ይህ ቤት ለኦርጋኒክ አያያዝ ማረጋገጫ አለው? ከሌለው የገባው ፍሬ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የሚወጣው ወይን ፊት ለፊት ኦርጋኒክነቱን ሊናገር አይችልም። ማን ማረጋገጫ እንዳለው በዩኤስዲኤ የኦርጋኒክ ታማኝነት የመረጃ ቋት ላይ በነፃ መፈለግ ይቻላል። በጥር 2023 ታትሞ ከመጋቢት 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው የቁጥጥር ማጠናከሪያ ደንብ ቀድሞ ነፃ የነበሩ ብዙ ደላሎችንና አስመጪዎችንም ማረጋገጫ እንዲያወጡ አድርጓል፤ ያለቀለትን ወይን በጅምላ በታንከር የሚገዛ ጠማቂ በመካከል ያለውን ሻጭ ጭምር መመርመር አለበት።

ማመልከቻውና ምርመራው

ማረጋገጫውን የሚሰጠው ዩኤስዲኤ ራሱ ሳይሆን እርሱ ዕውቅና የሰጣቸው ድርጅቶች ናቸው፤ በካሊፎርኒያ ሲሲኦኤፍ፣ በኦሪገን ኦሪገን ቲልዝ ከታወቁት መካከል ይገኛሉ። ክፍያቸው ስለሚለያይ ከሁለት ወይም ከሦስቱ ዋጋ መጠየቅ ይገባል፤ ከዋጋው በላይ ግን ወይን ጠጅ የሚያውቅ መርማሪ እንዳላቸው መጠየቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ቲማቲም ብቻ የመረመረ ሰው ወይን ከደለሉ እየተለየ ከበርሜል ወደ በርሜል ሲዛወር የሚጎድለውን መጠን ለመረዳት ይቸገራል።

አመልካቹ የሚያዘጋጀው ዋና ሰነድ የኦርጋኒክ ሥርዓት ዕቅድ ይባላል። የመሬቱ ካርታና የ3 ዓመት ታሪክ፣ የሚረጨውና የሚጨመረው ነገር ሁሉ ከነአምራቹ ስም፣ የጽዳቱ ሥርዓት፣ ኦርጋኒኩ ከተራው እንዴት እንደሚለይ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። የሚገዛውን መድኃኒት ኦምሪ በተባለው ድርጅት የተፈቀዱ ግብዓቶች ዝርዝር ላይ ማየት ጊዜ ይቆጥባል፤ ቢሆንም የመጨረሻው ቃል የሰርተፍኬት ሰጪው ነው፣ ሳያስፈቅዱ የረጩት አንድ ጠርሙስ የ3 ዓመቱን ቆጠራ እንደገና ሊያስጀምር ይችላልና።

ከዚያ መርማሪው ይመጣል። ከመደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ አንሥቶ በሎት (በአንድ ጊዜ የተመረተ ምርት) ቁጥሩ ወደ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ ወደ መፍጫው፣ ከመፍጫው ፍሬው ወደ ተለቀመበት መደዳ እንዲያደርሱት ይጠይቃል፤ የገባው ፍሬና የወጣው ወይን መጠንም መመጣጠኑን ያሰላል። ቲቲቢ የሚጠይቃቸው የጠመቃና የጠርሙስ መዝገቦች አብዛኛውን ይህን ስለሚይዙ ሁለት ዓይነት መዝገብ መያዝ ትርፍ ድካም ነው፤ በቲቲቢው መዝገብ ላይ የእርሻው ክፍልና ኦርጋኒክ ወይም ተራ መሆኑን የሚያሳዩ ሁለት ዓምዶች መጨመር ይበቃል። ልዩነቱ በቆይታው ነው፦ ቲቲቢ መዝገብ ለ3 ዓመት እንዲቀመጥ ሲጠይቅ የኦርጋኒኩ ደንብ ለ5 ዓመት ይጠይቃል። ምርመራው በየዓመቱ ይደገማል፤ ሰርተፍኬት ሰጪው ከአምራቾቹ ቢያንስ 5 በመቶው ዘንድ ሳያስታውቅ የመሄድ ግዴታም አለበት።

ወጪውን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ የማረጋገጫ ወጪ መጋራት ፕሮግራም ገንዘብ በተመደበለት ዓመት ከወጪው እስከ 75 በመቶ፣ ለአንድ ዘርፍ እስከ 750 ዶላር ይመልሳል። እርሻና ጠመቃ ሁለት የተለያዩ ዘርፎች ስለሆኑ ሁለቱንም የሚሠራ ሰው ለሁለቱም መጠየቅ ይችላል። ደረሰኙን መያዝና የዓመቱን በጀት በአካባቢው የግብርና ቢሮ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ይመጣል ብሎ ዕቅድ ማውጣት ግን አይመከርም።

ለጠጅ ጠማቂዎች

ለጠጅ ጠማቂ ነገሩ በሁለት ቦታ ይከብዳል። አንደኛው ማሩ ነው። ንቦች ርቀው ስለሚቀስሙ ዙሪያው ከተረጨ እርሻ የጸዳ ቦታ ማግኘት በአሜሪካ አስቸጋሪ ነው፤ ፕሮግራሙም ለንብ ብቻ የተዘጋጀ ደንብ ስለሌለው ሰርተፍኬት ሰጪዎች የእንስሳቱን ደንብ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ኦርጋኒክ ማር በአብዛኛው ከውጭ ይገባል፣ ከውጭ ለሚገባውም ከ2024 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሰጥ የገቢ ዕቃ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ የመጣ ማርም ቢሆን «ከጫካ የተቀሰመ» መባሉ ብቻ አይበቃውም፤ በአሜሪካው ደንብ የተረጋገጠ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጌሾው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የ5 በመቶውን ነገር አቅልሎ ያየዋል። ለ30 ኪሎ ማር 1 ኪሎ ጌሾ ቢገባ ውሃው ስለማይቆጠር ጌሾው ከይዘቱ 3.2 በመቶ ገደማ ነው፣ ከ5 በመቶ በታች። ይሁን እንጂ ኦርጋኒክ ያልሆነ የግብርና ምርት በ«ኦርጋኒክ» መለያ ውስጥ የሚገባው በስም ከተዘረዘረ ብቻ ነው፣ ጌሾ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የቢራው ሆፕስ እንኳ ከ2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ስለዚህ የተረጋገጠ ጌሾ ያላገኘ ጠማቂ «ኦርጋኒክ ጠጅ» ማለት አይችልም፤ «ከኦርጋኒክ ማር የተሠራ» ማለት ግን ይችላል፣ ጌሾው በጨረር ያልታከመ መሆኑን ከሻጩ በጽሑፍ ካስረጋገጠ። ሰልፋይትን በተመለከተ ግን ደንቡ ፈቃዱን የሰጠው ከኦርጋኒክ የወይን ፍሬ ለተሠራ ወይን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ጠጅ ጠማቂው ሰልፋይት እንደሌለ ቆጥሮ ሥራውን ማቀድ አለበት።

መለያውን ማስጸደቅ

የአቀራረቡ ቅደም ተከተል ከተዛባ ወራት ይባክናሉ። በቅድሚያ፣ ቀመር (የምርቱን ይዘትና አሠራር ዝርዝር) ማስጸደቅ ለሚያስፈልገው ምርት፣ ጌሾ የገባበትን ጠጅ ጨምሮ፣ ቀመሩ በቲቲቢ ይጸድቃል። ቀጥሎ የመለያው ንድፍ ለሰርተፍኬት ሰጪው ይላካል፤ እርሱም የቃሉን አጻጻፍ፣ የማኅተሙን አጠቃቀምና ከጠማቂው ስምና አድራሻ በታች የሚሰፍረውን ማረጋገጫውን የሰጠው ድርጅት ስም ያያል። ከዚህ በኋላ ብቻ መለያው ለቲቲቢ ማጽደቂያ ይቀርባል። ሰልፋይቱ በሚሊዮን 10 ክፍል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከእርሾው የመጣም ቢሆን፣ «ሰልፋይት አለበት» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ከዚያ በታች ነው የሚል ጠማቂ በላቦራቶሪ ውጤት ማስደገፍ አለበት። አልኮሉ ከ7 በመቶ በታች የሆነ ጠጅ ወይም ወይን ደግሞ መለያው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ ይመራል፣ የኦርጋኒኩ ደንብ ግን ያው ነው። ማተሚያ ቤቱ የሚታዘዘው ሁለቱም ማጽደቂያዎች በእጅ ከገቡ በኋላ ነው፤ የፍሬው ምንጭ፣ ማር አቅራቢው ወይም የሚጠመቅበት ቤት በተለወጠ ቁጥርም ለውጡ ወደ በርሜሉ ከመድረሱ በፊት ለሰርተፍኬት ሰጪው በጽሑፍ ይነገራል።